ዋበሪ ለራሱ ድምፅ የሰጠበት ቀን

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ በመጋላ በኩል፣ ዋበሪ ዲሪዬ የሚባል ባለጋሪ ነበረ። የተወለደው ቢዮ አዋሌ ነው። ጣልያን ከአገር በወጣ ማግሥት፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ወደ ድሬዳዋ መጥቶ በባቡር ጣቢያው ጭነት ሲሸከም ኖረ፤ በላቡ ፈረስና ጋሪ ገዛ፤ ቆይቶም በሰፈሩ ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ሠራ።

እግዚአብሔር ለዚህ ሰው ካደለው ጸጋ ሁሉ የላቀው ትሕትና ነበረ። በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ሳያልፍ በር አያልፍም፤ በሠርግ ቤት ታላላቆቹ ሳይቀምሱ እጁን ወደ ማዕድ አይሰድም። በጠባብ መንገድ ከሌላ ባለጋሪ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ፣ ያኛው ሽበት ካለው፣ ፈረሱን ወደ ኋላ እያስኬደ መንገድ ይለቅ ነበር። በጋሪ የተጠመደን ፈረስ ወደ ኋላ ማስኬድ ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቁ ባልንጀሮቹ፣ «ወሪያ ዋበሪ! የዚህ ፈረስ ጭራ በግንባሩ በኩል ሊበቅል ነው» እያሉ ይሥቁበት ነበር። እርሱም «በረከት የምትወርደው ከታላቅ ወደ ታናሽ ነው» ብሎ ፈገግ ይል ነበር።

በዚያ ዘመን የሰፈሩ ሴቶች ውኃ የሚቀዱት ወንዙን ተሻግረው፣ በከዚራ በኩል ካለ ቦኖ ነበር። በበጋ ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነውና ቆርቆሮአቸውን ተሸክመው ይሻገሩታል። በደጋው ዝናብ ሲጥል ግን ያ አሸዋ ባንድ አፍታ የሚያገሣ ጎርፍ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ውኃ ራሱ መንገድ ዘግቶ ሰፈሩን ውኃ ያስጠማ ነበር። ዋበሪ ወደ ከዚራ ደርሶ ሲመለስ የአሮጊቶችንና የነፍሰ ጡሮችን ቆርቆሮ በጋሪው ጭኖ ያመጣላቸዋል። ዋጋውን ሲጠይቁት «ዱዓ አድርጉልኝ» ይላል። ሆኖም አንድ ጋሪ ሰፈር አያጠጣም።

በከተማው ደንብ መሠረት፣ ቤትና ቦታ ያላቸው ነዋሪዎች በየዘመኑ ተሰብስበው በማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት የሚቀመጥላቸውን ሰው ይመርጡ ነበር። የዋበሪ ሰፈር ወንበር ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ የአንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ የጨርቅ ነጋዴው የፋራህ ቡራሌ። ፋራህ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለድኃ የሚመጸውት፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ጢሙ የነጣ የተከበረ ሽማግሌ ነበረ። ነገር ግን በግቢው የራሱ ጉድጓድ ስለ ነበረው፣ በምክር ቤቱ የውኃ ነገር አንድም ቀን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ያልተጠየቀ ደግሞ አይሰጥም። አስመራጩ መጥቶ «ማንን ትመርጣላችሁ?» ሲል ሰዉ ሁሉ «ፋራህን!» ይላል። ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ ማን ይነሣል? ምርጫው በዱዓ ይዘጋል።

በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ ክረምቱ በከበደበት በአንዱ ዓመት፣ ደቻቱ በየቀኑ እየሞላ ሰነበተ። እናቶች የጎርፉን ውኃ በነጠላ እያጠለሉ ለልጆቻቸው አጠጡ፤ ብዙ ሕፃናትም ታመሙ። ጎርፉ ሲጎድል ካልቱን የምትባል መበለት ወደ ዋበሪ ቤት መጣች። ባሏ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበረ፤ ሲሞት ቤቱን ትቶላት ነበር። ጎረቤቷን ዘርፈሽንም አስከትላ ነበር።

«ዋበሪ፣ በሚመጣው ምርጫ አንተ ትቆማለህ» አለችው፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«በማን ላይ?»

«በፋራህ ላይ ነዋ! በፈረስህ ላይ መሰለህ?»

«አስተግፊሩላህ! እርሱ አባቴ ነው።»

«አባትህ ጉድጓድ አለው» አለች ዘርፈሽ፤ «እኛ ግን የለንም።»

 ዋበሪም እያፈረና እያመነታ፣ እሺ አለ።

በዚያ ሰፈር ሁለት ሰዎች ለአንድ ወንበር ሲቀርቡ የመጀመሪያው ነበር። አስመራጮቹ በመጋረጃ ውስጥ ሁለት ሣጥኖች አኖሩ፤ በፋራህ ሣጥን ላይ ዘንባባ፣ በዋበሪ ሣጥን ላይ የጋሪ መንኮራኩር ተሳለ። ቤት ያለው ሁሉ አንድ አንድ ካርድ ተቀብሎ፣ ገብቶ ከሁለቱ በአንዱ ጣለ። ከምርጫው በፊት መንደሩ ሁሉ «ለዋበሪ ነው የምንሰጠው» ሲል ከርሞ ነበር። ሣጥኖቹ በተከፈቱ ጊዜ ግን ፋራህ አሸነፈ።

የዋበሪ ወዳጆች በግድግዳ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ።

«እኔ አልገባኝም» አለች ካልቱን። «ይህ ሁሉ ሰው የጣለው ካርድ ወዴት ገባ?»

የዋበሪ የአጎት ልጅ ዑግባድ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔ እንኳ... ለፋራህ ነው የጣልኩት። ሰው ሁሉ ለዋበሪ ይሰጣል፤ ሽማግሌው ባዶ ሣጥን አይቶ እንዳያዝን ብዬ ነው እንጂ።»

«አንተም?» አለ አጠገቡ የተቀመጠው አብዱላሂ ደንግጦ። «ወላሂ እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው!»

የቀሩትም አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፉ። ዋበሪን የሚወዱት ሁሉ እንደ እርሱ ጨዋዎች ነበሩና፣ እያንዳንዱ «ሌላው ይመርጠዋል» ብሎ የራሱን ካርድ ለሽማግሌ ክብር አውሎት ነበር።

ካልቱን ፊቷን ወደ ዋበሪ መለሰች። «አንተስ?»

ዋበሪ የፈረሱን ልጓም ያጠባብቅ ጀመር።

«አንተስ ነው የምልህ!»

«ሰው አባቱ እያለ ራሱን ይመርጣል?»

ዘርፈሽ እየሣቀች እንባዋን ጠረገች። «ኧረ ጉድ ፈላ! በጉልበት የተሸነፈ አይቻለሁ፣ በገንዘብ የተሸነፈ አይቻለሁ፤ በጨዋነት የተሸነፈ ሰፈር ግን ዛሬ ገና አየሁ!»

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ዋበሪ ቆርቆሮ የተሸከመች ሴት በተመለከተ ቁጥር ዐይኑን ወደ መሬት ይጥል ነበር። ትሕትናው ለራሱ በረከት፣ ለሰፈሩ ግን ጥም መሆኑን ልቡ አውቆታል። ይሁን እንጂ ልማድ እንደ ሥር ነው፤ ባወቁት ጊዜ ሁሉ አይነቀልም። ሁለተኛው ምርጫ ሲቃረብ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር። ዋበሪ ለፋራህ ዳግመኛ መንገድ ይለቃል ወይስ አይለቅም?

ካልቱን መፍትሔውን ያገኘችው ከአባቶች ሥርዓት ነው። በሶማሌውም፣ በኦሮሞውም፣ በአማራውም ዘንድ ለጋብቻ ወይም ለዕርቅ የተላከ ሰው አያፍርም። ምንም ትሑት ቢሆን፣ በማንም ታላቅ ፊት ቆሞ የተላከበትን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፤ ቢያለዝበው ወይም ቢያስቀረው ግን ነውሩ ይከተለዋል። እንግዲህ ካልቱን ቤት ያላቸውን የሰፈሩን ሴቶች፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም፣ በግቢዋ ሰብስባ ዋበሪን አስጠራችው።

«የጠራንህ እንመርጥሃለን ልንልህ አይደለም» አለችው። «ልንልክህ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሂድና ውኃ አምጣልን። መልእክታችን ይኸው ነው። መልእክተኛ የተላከበትን ነገር መንገድ ላይ ላገኘው ሽማግሌ ይሰጣል?»

 «አይሰጥም» አለ ዋበሪ።

«ቢሰጥ ምን ይባላል?»

«አደራ በላ።»

«እንግዲያው ስምህን አንተው ምረጥ።»

የምርጫው ቀን ደረሰ። ፋራህ ቡራሌ በምርጫው ቤት ደጃፍ፣ በወንበር ተቀምጦ መቁጠሪያውን እየቆጠረ፣ የሚገባውን ሁሉ በምርቃት ይቀበል ነበር። የዋበሪ ተራ በደረሰ ጊዜ እጁን ዘረጋለት።

«ልጄ ዋበሪ፣ ባለፈው ጊዜ ካርድህን ለእኔ እንደ ጣልክ ሰምቻለሁ፤ አላህ ይባርክህ። ዛሬም አባትህን አታሳፍረውም፣ አይደል?»

 ዋበሪ መንገድ ከለቀቀ ከኋላው የቆሙት ሁሉ እንደሚለቁ የማያውቅ አልነበረም። የካልቱን ዐይን ጀርባው ላይ ነው። ዋበሪ ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን እጅ ሳመ፤ በሶማሌዎች ደንብ እንደ አጎቱ «አዴር» ብሎ ጠራው።

«አዴር፣ ያን ጊዜ የሰጠሁህ የራሴን ነው፤ ሐላል ይሁንልህ። ዛሬ የያዝኩት ግን የሰው ነው። የሰው ዕቃ አንሥቼ ብሰጥህ እኔ ሌባ እሆናለሁ፤ አንተም የሌባ ተቀባይ ትሆንብኛለህ። ለዚህ ክብርህ አይፈቅድልኝም። ዛሬ የምጥለው ለራሴ ነው።»

እንዲህ ያለ ቃል ከዋበሪ አንደበት ወጥቶ አያውቅም። ፋራህ ትክ ብሎ አየው፤ ጢሙን ዳሰሰ፤ ከዚያም ትከሻው እስኪነቃነቅ ሣቀ።

«ወሪያ! ለካ ይህ ልጅ ምላስ ነበረው! ግባ እንግዲህ፣ ሰልፉን አታስቁም።»

ዋበሪ ገባ። እርሱ ከመጋረጃው ሳይወጣ ዑግባድ ከሰልፉ መካከል ጮኸ፤ «አዴር ፋራህ፣ ይቅር በለኝ፣ እኔም ለእርሱ ነው የምጥለው!»

«እኔም!» አለ አብዱላሂ።

አስመራጩ ተቆጣ። «ዝም በሉ! ድምፅ በምስጢር ነው!»

«ጌታዬ» አለች ዘርፈሽ፣ «ባለፈው የተሸነፍነው ምስጢር ጠብቀን እኮ ነው!»

ሰልፉ በሣቅ ፈረሰ፤ አስመራጩም ሣቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ።

ሣጥኖቹ ተከፈቱ። የመንኮራኩሩ ሣጥን እስከ አፉ ሞልቶ ነበርና ቆጣሪው እጁን ማስገቢያ አጣ። እልልታው ደቻቱን ተሻግሮ ከዚራ ደረሰ ይባላል። ምክር ቤቱ በተከፈተ ዕለትም ጎረምሶች ፈረሱን ከጋሪው ፈትተው፣ ራሳቸው ቀንበሩን ይዘው፣ ዋበሪን በጋሪው አስቀምጠው በአሸዋው ላይ እየጎተቱ ወደ ማዘጋጃ ቤት አሻገሩት። ፈረሱ ሸክም አልባ ሆኖ ከኋላ እንደ ሹም እየተንጎራደደ ተከተለ።

በአዳራሹ ውስጥ ዋበሪ በታላላቅ ነጋዴዎችና በባለርስቶች መካከል ተቀመጠ። ሊቀ መንበሩ «የሚናገር አለ?» ባለ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ተነሣ። ስለ ራሱ አንዲት ቃል አልተናገረም። «ሰፈሬ ልኮኛል» ብሎ ስለ ጎርፉ፣ እናቶች በነጠላ ስላጠለሉት ውኃ፣ ስለ ታመሙት ሕፃናት ተናገረ፤ «መልስ ሳልይዝ አልመለስም» ብሎም ቆመ። ተቀመጥ ቢሉት አልተቀመጠም። አባላቱ ተያይተው፣ ተመካክረው፣ ከመነሣታቸው በፊት አንድ ቦኖ በሰፈሩ እንዲተከል ወሰኑ።

ሴቶቹ አሸዋው ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ዋበሪ በእግሩ ሲመለስ ባዩት ጊዜ ካልቱን ከሁሉ ቀድማ ወደ እርሱ ሄደች።

«መልእክተኛ፣ ምን ይዘህ መጣህ?»

ዋበሪ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር እስኪሰማው ድረስ «ውኃ!» ብሎ ጮኸ።

ካልቱን «አልሐምዱሊላህ!» አለች፤ ዘርፈሽ «ተመስገን፣ ተመስገን!» አለች፤ ሁለቱም ተቃቅፈው በደረቁ አሸዋ ላይ እልል አሉ።