የግሌንዳ ፕሩደን ጣት

ግሌንዳ ፕሩደን ቀኑን ሙሉ የምትገፋው ጋሪ ውስጥ ሁልጊዜ ያው ዕቃ ነበር፤ አንድ ከረጢት የውሻ ምግብ፣ አንድ እሽግ የመጸዳጃ ወረቀት፣ ከላይ ጣል የተደረገ አንድ ራስ ሰላጣ። ውሻ የላትም። ሰላጣውን ሲጠወልግ ትቀይረዋለች። ፖርቴጅ ጎዳና ላይ ባለው ትልቅ መደብር ውስጥ ሲያዩዋት፣ ምን ልትገዛ እንደመጣች የጠፋት፣ ጉልበቷን የሚያማት አንዲት ሴትዮ ትመስላለች። ጉልበቷንስ እውነትም ያማታል። ሥራዋ ግን ሌባ መያዝ ነው።

የደንብ ልብስ የለበሱት ጠባቂዎች በር ላይ ይቆማሉ፤ እሷ ሲቪል ለብሳ ከገበያተኛው ጋር ትዞራለች። ሰው ዕቃ አንስቶ ካፖርቱ ውስጥ ሲከት ካየች፣ ሂሳብ መክፈያውን አልፎ እስኪሄድ በርቀት ትከተለዋለች። በሩ ጋ ሲደርስ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅርታ፣ የመደብሩ ጥበቃ ነኝ፤ አንዴ አብረን እንመለስ» ትለዋለች። አብዛኛው ሰው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ችግሩ የማይመለሰው ነው።

አንዱ እንደ ድንጋይ በደረቀ የበረዶ ዶሮ አፍንጫዋን ሰብሯታል። አንዲት እናት ልጇን በአንድ እጇ እንዳቀፈች ክንዷን ነክሳታለች። ድብ ለማባረር የሚሸጠውን የሚያቃጥል ርጭት ዓይኗ ውስጥ ነፍተውባት፣ መሬት ለመሬት በዳበሳ ግድግዳ የፈለገችበት ጊዜ አለ። የመኪናዋን ጎማዎች ደጋግመው ስለቀደዱባት መኪናውን ሸጣ በአውቶቡስ መመላለስ ጀመረች። ይዛው የነበረ አንድ ሰውዬ ደግሞ ማቆሚያው ድረስ ተከትሏት መጥቶ አብሯት ተሳፈረ። ስትወርድ ብቻ በመስኮቱ በኩል ፈገግ ብሎ እጁን አወዛወዘላት።

መጀመሪያ መጀመሪያ እንዲህ ያለውን ነገር ቤት ገብታ ለእህቷ ለኖሪን ታወራላት ነበር። ሁለቱ እህትማማቾች በከተማው ሰሜን በኩል፣ ወላጆቻቸው በተዉላቸው ቤት ውስጥ አብረው ነው የሚኖሩት። ኖሪን ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ ወሬ የምትወድ፣ በትንሹም በትልቁም እንባዋ የሚመጣ ሴት ነች። ሲሰነባብት ግሌንዳ ማውራቱን ተወችው። ፍርሃቱም ተዋት። መቼ እንደተዋት አታውቅም፤ ግን ብቻውን አልሄደም፣ ሌላውን ስሜቷንም ይዞ ነው የሄደው። እናታቸው የሞተች ጊዜ፣ ኖሪን የሬሳ ሳጥኑ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ፣ ግሌንዳ ከኋላ ቆማ የለቀስተኛውን እጅ ትከታተል ነበር። ማን እጁን ኪሱ ሰደደ፣ ማን ቦርሳው ውስጥ ምን ከተተ እያለች። እንባ ሳይመጣላት ቀብሩ አለቀ።

ነገሩ የሆነው በጥር ነው። ውጪው ትንፋሽ የሚያደርቅ ብርድ ስለነበር መደብሩ ለመሞቅ በገባ ሰው ተሞልቷል። አንዲት ቀጭን ወጣት፣ ትልቅ የጨርቅ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ ስጋ ከተደረደረበት ማቀዝቀዣ ፊት ቆመች። ግራ ቀኝ እንኳን አላየችም። እሽግ ስጋዎቹን እያነሳች፣ ለራሷ ጓዳ የምታደራጅ ይመስል ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ግሌንዳ በሩ ላይ ስታስቆማት ልጅቷ አልታገለችም። «እሺ፣ ባክሽ እሺ» ብላ ተከተለቻት።

ከመደብሩ ጀርባ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር ያላት ጠባብ ክፍል አለች። ሮመል በሩን ይዞ ቆመ። ሮመል የግሌንዳ ባልደረባ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከፊሊፒንስ የመጡ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አንደበቱ ለስላሳ ወጣት። በቤተሰቦቹ ወግ ታላቅ ሴት በስሟ ብቻ ስለማትጠራ እትዬ ነው የሚላት።

«ስምሽ ማነው?» አለቻት ግሌንዳ።

«ክሪስታል። ክሪስታል ዊብ።» ዓይኗ ይከደናል፣ ይገለጣል። የወሰደችው ዕፅ ገና ደሟ ውስጥ ነው።

«ስጋውን አውጪና ጠረጴዛው ላይ አድርጊልኝ፣ ክሪስታል።»

«ራስሽ አውጪው። አንቺ አይደለሽ የፈለግሽው?»

ሰው ቦርሳ ውስጥ እጅ አይገባም። ባለቤቱ ራሱ ይገለብጠዋል፤ ጠባቂው ቆሞ ያያል። ይህን ለሮመል ያስተማረችው ግሌንዳ ናት። የዚያን ዕለት ግን ክሪስታል ጭንቅላቷ ጠረጴዛው ላይ ሊወድቅ ይደርሳል፣ የሮመል ሬዲዮ በር ላይ ጠብ ተነስቷል እያለ ይጮሃል፣ የግሌንዳ ጉልበት ይጠዘጥዛታል። ቶሎ ይለቅ ብላ እጇን ሰደደች።

«ኧረ! ኧረ እጅሽን!» አለች ክሪስታል ብንን ብላ። ጩኸቷ ግን አልቀደመም። ግሌንዳን አንድ ነገር ጠቅ አደረጋት። ግሌንዳ እጇን ስታወጣ ሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ ሰናፍጭ የምታህል ደም አለች።

ሮመል፣ «እትዬ፣ መርፌ ነው?» አለ።

«የተወጋሽበት ነው?» ብላ ጠየቀቻት ግሌንዳ፣ ክሪስታልን።

«ታዲያ ለጌጥ ነው የምይዘው? አዎ፣ ጠዋት።» ክሪስታል አሁን ሙሉ በሙሉ ነቅታለች። «እኔ ግቢ አልኩሽ? አልኩሽ ወይ?»

«ራስሽ አውጪው ነው ያልሽኝ።»

«ለቀልድ ነዋ ሴትዮ! ሰው ይህን ያህል ቂል ይሆናል?»

ሮመል ግሌንዳን በክንዷ እየጎተተ ወደ መታጠቢያው ወሰዳት። ውሃውን ከፍቶ፣ ሳሙና እያፈሰሰ፣ «እጠቢ፣ እጠቢ፣ አታቁሚ» አላት። እሷ ውሃው ጣቷ ላይ ሲወርድ ታያለች። የሌላ ሰው ጣት ይመስላል።

አለቃው ዱዌይን መጣ። የመጀመሪያ ጥያቄው «ጓንት አድርገሽ ነበር?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ቦርሳውን አንቺ ነሽ የከፈትሽው ወይስ እሷ?» ሆነ። ግሌንዳ የሆነውን እንደሆነው ነገረችው። ዱዌይን ጸጉሩን ወደኋላ እየጠረገ፣ «ይሄማ መመሪያ መጣስ ነው፣ ግሌንዳ። እኔ ምን ላድርግ? ከላይ ይጠይቁኛል» አላት። ፖሊስ ዛሬ እንደማይደርስ ስለታወቀ ክሪስታልን ሁለተኛ እዚህ እንዳትደርስ ብለው አስወጧት። ስጋውን አስቀሩ።

ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ነርስ ለወር የሚሆን ክኒን ሰጠቻት። «ኤችአይቪ እንዳይዝዎት የሚከላከል ነው። ሆድዎን ይረብሽዎታል፣ ግን እንዳያቋርጡ» አለቻት። «መርፌው የማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። የአንዲት ልጅ ነው።»

«ፈቃደኛ ሆና ደሟን ብትሰጥ ብዙ ነገር ይቀልዎት ነበር። ካልሆነ በየጊዜው እየመረመርን መጠበቅ ነው።»

ዱዌይን ጉዳዩ እስኪጣራ ቤት ተቀመጪ አላት። ክኒኑ አንጀቷን እያገላበጠ ሶፋው ላይ አስቀራት። ኖሪን አለቀሰች፣ መደብሩን ረገመች፣ ሾርባ ሠራች። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ግሌንዳ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ፣ እህቷ የግሌንዳን ኩባያ ለብቻ አስቀምጣ በበረኪና ስትዘፈዝፍ አገኘቻት።

ኖሪን ደነገጠች። «እኔ እኮ… አፈር ስሆን ግሌንዳ፣ በኩባያ እንደማይተላለፍ አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ ግን እጄ እምቢ አለኝ።»

«ችግር የለውም» አለች ግሌንዳ። እውነትም ምንም አልተሰማትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩባያዋን ራሷ በበረኪና እያጠበች ለብቻ ታስቀምጠው ጀመር።

በሳምንቱ ሮመል ደወለ። «እትዬ፣ ያቺን ልጅ አየኋት። ዋናው መንገድ ላይ ሰው ከብርድ የሚያመልጥበት መጠለያ የለም? እዛ ነው የምትውለው። አብሬሽ ልምጣ?»

«አይ፣ አንተ ደግሞ ከሥራ ትባረራለህ» ብላ ብቻዋን ሄደች።

ክሪስታል ከማሞቂያው አጠገብ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሾርባ ትጠጣ ነበር። ግሌንዳን ስታይ ጎድጓዳ ሳህኑን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ይሄን አልሰረቅሁም! ጠይቂያቸው፣ በነጻ ነው።»

«ስለ እሱ አልመጣሁም። ደምሽን ፈልጌ ነው።»

ክሪስታል አፈጠጠችባት። ከዚያ ሳቀች። «ደም መጣጭ ነሽ እንዴ? ስጋውን ቀማሽኝ፣ አሁን ደግሞ ደሜን?»

ግሌንዳ የነርሷን ነገር አስረዳቻት። ክሪስታል እየሰማች ሳቋ ጠፋ። «አልሄድም» አለች። «ሆስፒታል እንደ ቆሻሻ ነው የሚያዩኝ። ደግሞ የራሴን አላውቀውም፤ ማወቅም አልፈልግም። ሂጂልኝ።»

ግሌንዳ አልሄደችም። ልታግባባት ብላ አይደለም፤ ለመነሳት አቅም አጣች። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወለሉን አየች። ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ጫማቸው ላይ ያለው በረዶ እየቀለጠ ወለሉን ያረጥበዋል። ክሪስታል ሾርባዋን ስትጨርስም ግሌንዳ እዚያው ነበረች።

«እያለቀስሽ ነው?» አለቻት ክሪስታል በስተመጨረሻ።

«አይደለም።»

«እኔ ብሆን አለቅስ ነበር።»

«እኔም አለቅስ መስሎኝ ነበር። አይመጣም።»

ክሪስታል ጎንበስ ብላ ፊቷን መረመረችው፤ የእውነቷን መሆኑን ለማጣራት ይመስላል። «አምላኬ! እኔ እንኳን ይሄን ሁሉ ወስጄ እንዳንቺ አልደነዘዝኩም» አለች። ከዚያ ኮቷን አነሳች። «በይ ተነሺ። ቶሎ ካልሄድን ሐሳቤን እቀይራለሁ።»

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሆስፒታሉን ትተው በገቡበት ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ነርስ ክሪስታልን «እመቤት» ብላ ስትጠራት፣ ክሪስታል ማንን ነው ብላ ወደኋላዋ ዞረች። ደሙን ሰጠች። ውጤቱን የምታውቀው እሷ ብቻ እንደሆነች፣ ለግሌንዳ መንገርም አለመንገርም መብቷ እንደሆነ ነገሯት።

ነገረቻት። ከመጠለያው ስልክ ደውላ፣ «ሴትዮ፣ ያ የፈራሽው የለብኝም» አለቻት።

«አመሰግናለሁ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። የጉበት ቫይረስ አለብኝ። ጉበቴንም ነክቶታል አሉኝ። ስለዚህ የእሱን አንቺም ተመርመሪ። ባትመጪ ኖሮ ሳላውቅ እኖር ነበር፣ አይገርምም?»

«ይቅርታ» አለች ግሌንዳ።

«ለምኑ ነው ይቅርታ? እንጃ፣ እሺ፣ ይሁን» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ግሌንዳ ክኒኑን አቆመች። በረዶው ሲቀልጥ የመጨረሻ ምርመራዋን አድርጋ ከጉበቱ ቫይረስም ነጻ መሆኗ ተነገራት። ኖሪን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ተንሰቀሰቀች፤ ግሌንዳ እጆቿን ወደታች ዘርግታ ቆመች።

«ደስ አላለሽም እንዴ?» አለች ኖሪን እንባዋን እየጠረገች።

«ብሎኛል መሰለኝ።»

ዱዌይን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ወደ ሥራ መለሳት። ከእንግዲህ ጠባቂዎቹ ማንንም እንዳይነኩ፣ ማንንም እንዳይከተሉ፣ አይተው በሬዲዮ እንዲናገሩ ብቻ ታዘዙ። ትእዛዙ ሮመልን አልጠቀመውም። በግንቦት አንድ ሰው ሳይነካው፣ ሳይናገረው፣ በር ላይ ስለቆመ ብቻ በምላጭ ጉንጩን ከጆሮው እስከ አገጩ ሰነጠቀው። ግሌንዳ በራሷ ሻርፕ ቁስሉን ጨምቃ ይዛ አምቡላንስ ጠበቀች። «አትናገር፣ ይከፈታል» ትለዋለች። እሱ ግን በከንፈሩ ጠርዝ፣ «እትዬ፣ አሁን ማን ያገባኛል?» ይላታል። ሥራውን ለቆ የጭነት መኪና መንዳት ጀመረ። ያገባችውም ሴት ተገኝታለች።

ለክሪስታል ክሊኒኩ ለጉበቷ መድኃኒት ጀመረላት። ብቻዬን አልሄድም ስላለች ግሌንዳ ሐሙስ ሐሙስ ከመጠለያው ትወስዳታለች። ብዙ አያወሩም። ክሪስታል አንዳንድ ሐሙስ ትቀራለች፤ ግሌንዳ ማቆሚያው ላይ አውቶቡስ እስኪያልፋት ጠብቃ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ትሄዳለች። የቀረችበትን ምክንያት ጠይቃት አታውቅም።

በመከር መግቢያ ላይ ሐኪሙ ለክሪስታል ቫይረሱ ከደሟ እንደጠፋ ነገራት። ዕፁን ግን አልተወችም፤ ቀንሻለሁ ትላለች። የዚያን ዕለት መንገድ ዳር ካለች ቤት መረቅ የፈሰሰበት የድንች ጥብስ ገዝተው ቆመው በሉ።

«ለምንድነው ስትመላለሺ የከረምሽው?» አለቻት ክሪስታል ጣቷን እየላሰች። «አዝነሽልኝ ነው?»

ግሌንዳ አሰበችበት። «አላውቅም። ሐሙስ እረፍቴ ነው።»

«አንቺስ ጉድ ነሽ።» ክሪስታል የቀረውን ድንች ወደ እሷ ገፋ አደረገችው። በነጋታው ብራንደን ከተማ ወደምትኖረው አክስቷ ሄደች። ደርሻለሁ ብላ አንድ ጊዜ ደወለች፤ ከዚያ በኋላ አልደወለችም።

ግሌንዳ ጋሪዋን ትገፋለች። ትናንት አንድ ጎልማሳ ሙሉ ድፍን አይብ በአንድ ክንዱ ታቅፎ ወደ በሩ ሲሮጥ፣ ጥቁር ኮት፣ ቀይ ኮፍያ ብላ በሬዲዮ ተናገረች። ሰውየው ሲያልፋት ሌላኛውን እጁን አየችው፤ ባዶ ነበር፣ ስለት የለውም። መስታወቱ በር ተከፈተ፣ ብርዱ ገባ፣ በሩ ተዘጋ።