ጋሽ ክፍሉ ያልሰማው ፍሬን

የጋሽ ክፍሉ ሞተር ሳይክል ፍሬን ሲይዝ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ልብስ የሚያማርጠው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ጩኸቱ ጥርስ ያፋጫል። ሻይ የምትሸጠው ኑርሀን "መጣ ደግሞ!" ብላ ጆሮዋን በሻሿ ትሸፍናለች። እኔ ሰማታር ከኒም ዛፌ ሥር የሰው ሞተር እየፈታሁ፣ "ይሄ ሰውዬ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል" እያልኩ አጉረመርማለሁ። በሞተር ጠጋኝ ደጃፍ በየቀኑ እንዲህ እየጮኹ ማለፍ ንቀት ካልሆነ ምን ይባላል?

ጋሽ ክፍሉ የባቡር ልጅ ነው። አባቱም ባቡር ድርጅት ነበር የሠራው፣ እሱም በጎልማሳነቱ ባቡር ገባ። ሥራው ደግሞ መስማት ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ሲገባ እጀታዋ ረጅም የሆነ መዶሻ ይዞ ከመንኮራኩር መንኮራኩር እየሄደ ይመታል፣ ያዳምጣል። ሰው ገበያ ላይ ሸክላ ድስት አንኳኩቶ እንደሚገዛው ነው፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። "ክፍሉ ጆሮ" የሚለው ስም የወጣለት ያኔ ነው። የድሮው ባቡር ሲቆም ብዙው የሥራ ባልደረባ ጓዙን ጠቅልሎ ወደየዘመዱ ሄደ። እሱ ግን ከጨረታ የወጣች አሮጌ ሞተር ገዝቶ የገጠር ውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ሆነ። ሁርሶ ይሄዳል፣ ጀልዴሳ ይወርዳል። የመዶሻውን ራስ ፓምፑ ላይ ያስደግፍና እጀታውን ከጆሮው ገጥሞ፣ "የታችኛው ኩሽኔታ ነው" ይላል። ሲፈታ ያለው ይሆናል።

ከባቡር ይዞት የወጣው አንድ ሕግ አለው፤ ሳይሰማ አይፈታም። "ያልታመመ ብረት ከፈታህ በሽታውን የምታስገባበት አንተ ነህ" ይለናል። በሱ ፓምፕም ሆነ በሱ ሞተር ላይ፣ እሱ ጉድለቱን በጆሮው ሳያረጋግጥ ማንም ብሎን አይነካም። እኛም ለምደነዋል።

ልጁ ሃኒ አዋላጅ ነርስ ናት። ጀልዴሳ ተመድባ ሰኞ ሥራ ልትጀምር ነው፤ አባቷም ሞተሯን ለሷ ሰጣት። ቅዳሜ ጠዋት ሳትነዳት እየገፋች አመጣቻት።

"አቦ ሰማታር፣ እውነቱን ንገረኝ። ይሄ ፍሬን ይጮሃል ወይስ እኔ ነኝ ያበድኩት?"

ሳቄ መጣ። "እህቴ፣ መቃብር ያለ ሰው ይሰማዋል።"

"አባዬ አይጮህም ይላል። ደጋግሜ ጠየቅኩት። እሱ አይጮህም ካለ ደግሞ..." አልጨረሰችውም። መጨረስም አያስፈልጋትም። ስለ ድምፅ ከክፍሉ ጆሮ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ የለም።

ጎንበስ ብዬ የፊቱን ዲስክ በጣቴ ዳበስኩት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወጥቶበታል። ዲስኩን የሚይዘው የፍሬን ሸራ አልቆ ብረት ብረትን እየበላ ነው። የጀልዴሳ መንገድ ቁልቁለት አለው፣ አሸዋ አለው፣ ሳይታሰብ መሀል መንገድ የሚቆም ግመል አለው።

"በዚህ ፍሬን ሰኞ ከወረድሽ አትመለሺም" አልኳት።

"ታዲያ ፍታው!"

"አባትሽ ሳይሰማ?"

እጇን ከሞተሯ አነሳች። እኔም ቁልፌን አላነሳሁም። ሞኝ የሚለኝ ይበለኝ። ሽማግሌ ዕድሜውን ሙሉ የኖረበትን ሕግ ልጁ ፊት መሻር አልወድም። "ደውይለትና ይምጣ" አልኳት።

ጋሽ ክፍሉ እየተቆጣ መጣ። "ዋሪያ ሰማታር! ልጄን ምን ብለህ ነው ያስፈራራሃት?"

"እኔ ምን አልኩ፣ ሞተሯ ናት የምትናገረው። እዚህ ቁምና ስማት።"

ሞተሯን አስነስቼ እስከ አስፋልቱ ሄድኩ፣ ዞሬ መጣሁና እፊቱ ስደርስ የፊቱን ፍሬን ጨምቄ ያዝኩ። ጩኸቷ ከወትሮው ባሰ። ኑርሀን ብርጭቆ አመለጣት። ሞተሩን አጠፋሁ። ጋሽ ክፍሉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ዓይኑን ሳይገልጥ፣

"በል ፍሬኑን ያዘው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?" አለኝ።

ማንም አልሳቀም። ለካ ሰውየው አልናቀኝም፤ አልሰማም። ይህን ለክፍሉ ጆሮ የምነግረው እኔ መሆኔን ወላሂ ጠላሁት።

ሃኒ ግን ቀደመችኝ። "አባዬ፣ እጅህን ስጠኝ" አለችና መዳፉን ከፍሬኑ በላይ የፊት ጎማውን በያዘው ሹካ ላይ አስቀመጠችው። "ሰማታር፣ ቀስ ብለህ ግፋና ያዝ።"

ገፋሁና ያዝኩ። ጮኸች። የጋሽ ክፍሉ ዓይን ተገለጠ።

"ይነዝራል" አለ። "እንደገና።"

እንደገና ገፋሁ። እጁን ሳያነሳ ልጁን አያት።

"ይጮሃል?"

"ይጮሃል አባዬ።"

"አሁንም ጮኸ?"

"አሁንም።"

ወደ እኔ ዞረ። "ብዙ?"

ልዋሽለት አሰብኩ። ግን ልጁ ናት የምትነዳው። "ብዙ ነው፣ ጋሽ ክፍሉ። ገበያው ሁሉ ይሰማዋል።"

የኑርሀን በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። አሳዘነኝ፤ እንዲህ አንሶ አይቼው አላውቅም።

"የጠዋት ወፎቹ" አለ፣ "ግቢያችንን ትተው የሄዱ መስሎኝ ነበር።"

ሃኒ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። "አሉ አባዬ። ዛሬም ነበሩ።"

ያኔ ገባኝ፤ ወፍራሙን ድምፅ ይሰማል፣ ቀጭኑ ነው ከጆሮው የጠፋው። ጋሽ ክፍሉ ራሱን ነቀነቀና ኮፍያውን መልሶ አደረገ። "ፍታው" አለኝ።

ፈታሁት። የውስጠኛው ሸራ ሙልጭ ብሎ ብረቱ ብቻ ቀርቷል፤ የውጪው ገና ግማሽ ነው። ሸራውን የሚገፋው ፒስቶን በጀልዴሳ አቧራ ታንቆ በአንድ ወገን ብቻ ሲጫን ኖሯል። አጠብኩት፣ በፍሬን ዘይት አርሼ እየገፋሁና እየመለስኩ አላላሁት። ዲስኩ ቀጭን አልሆነም፣ ፊቱን በሸካራ ወረቀት አሸሁት። የአዲሱን ሸራ ሹል ጠርዝ በሞረድ አለዘብኩና ጀርባውን ብቻ ግራሶ አስነካሁት። ፊቱን ግራሶ ከነካው ጩኸቱ ይጠፋል፣ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል። ጋሽ ክፍሉ ያንን ያለቀ ሸራ በመዳፉ ይዞ ያገላብጠዋል።

"በዚህ ልሰዳት ነበር" አለ። እኔን አልነበረም የሚያናግረው።

ገጥሜ ስጨርስ ሸራውና ዲስኩ እንዲላመዱ ጥቂት ዞርኩባት፣ ቀስ እያልኩ እየያዝኩ። ከዚያ እንደ ቅድሙ ከአስፋልቱ መጥቼ እፊቱ ጨምቄ ያዝኩ። ጋሽ ክፍሉ አሁን ዓይኑን አልጨፈነም። ሞተሯንም አላየም። የልጁን ፊት ነበር የሚያየው።

"ዝም አለ?"

"ዝም አለ አባዬ።"

ከሞተሯ ወንበር ጎን ከታሰረችው የመሣሪያ ቦርሳ ያቺን መዶሻ አወጣ። እጀታዋ ላይ እጁ የሚያርፍበት ቦታ ተቦርቡሯል። ለሃኒ ሰጣት።

"እኔ አዋላጅ ነኝ፣ ምን አደርግበታለሁ?" አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

"ሕጉ ያው ነው፤ ሳይሰማ አይፈታም" አላት። "እንግዲህ የምትሰሚው አንቺ ነሽ።"

መዶሻዋን ቦርሳው ውስጥ መልሳ፣ ሞተሯን አስነስታ ወደ ቤት ነዳች። አስፋልቱ አፍ ላይ ባጃጅ ገባባትና ፍሬን ያዘች። ገበያው ውስጥ ማንም ዞሮ አላየም። ጋሽ ክፍሉ ብቻ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆሞ ነበር።

"ሰማታር" አለኝ፣ "አልጮኸም አይደል?"

"አልጮኸም፣ ጋሽ ክፍሉ።"