የሰይድ ግጥም ባለቤት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኩም። የነፍስ አባቴ ከእኔ የሰሙት ሌላ ሌላውን ነው፤ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። እንግዲህ የምታነቡኝ እናንተ ስሙኝ። ሰይድን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። መካነ ሰላም ከተማ፣ እህል መጋዘኑ በር ላይ፣ እኔና ሰይድ አብረን ኩሊ ነበርን። ከደሴ የሚመጣውን የጭነት መኪና የምናራግፈው እኛ ነን። እኔ ዐሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ሰይድ ፊደል አልቆጠረም። ግጥም የሚፈልቀው ግን ከሱ ነው። ኩንታሉን ተሸክሞ ሳንቃውን ሲወጣ እያጉተመተመ ይጀምራል፣ ሲወርድ ቤት መትቶ ይጨርሳል። እኔ በደብተሬ እጽፍለታለሁ። ስጽፍ ግን አስተካክል ነበር። “ያረቢ” ሲል “አምላኬ”፣ “አብሽር” ሲል “አይዞህ” እያልኩ የሬዲዮ አማርኛ አደርገዋለሁ።

“ምነው የኔን ቃል ጣልካት?” አለኝ አንድ ቀን ሳነብለት።

“የተማረ ሰው እንዲሰማህ ነዋ።”

“የተማረማ ስሸከም እያየኝ ያልፋል፣ በምን ሊሰማኝ?” ብሎ ሳቀ። “ወላሂ፣ ላማርኛዬ ጫማ ስታደርግለት እኔ ባዶ እግሬን ቀረሁ።”

የቀበሌ መታወቂያ ሊያወጣ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ጸሐፊው ዓይኑን ከቅጹ ሳያነሳ “ብሔር?” አለው።

“ያባቴ ወገን አማራ፣ የናቴ ወገን ኦሮሞ።”

“አንዱን ምረጥ።”

“እንግዲያ ኩሊ ብለህ ጻፍ። እኔን የሚመስሉኝ እነሱ ናቸው።”

ጸሐፊው አልሳቀም። የአባቱን ወገን ጽፎ ማኅተሙን መታበት። ስንመለስ ሰይድ መንገድ ላይ አንዲት ግጥም ጨረሰ። እኔ ካስተካከልኳት በኋላ እንዲህ ሆነች፦

ወረቀት ይዘው መጡ ዘሬን ሊጠይቁ፣
ትከሻዬን ቢያዩት ያን ጊዜ ባወቁ።

ይቺን ግጥም ወሰድኳት። በከተማው አዳራሽ በተደረገ በዓል ላይ “የራሴ ናት” ብዬ አነበብኳት። ሰይድ ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ወደሱ አላየሁም። በማግስቱ ሥራ ላይ “አሳምረህ አነበብካት” አለኝ እንጂ ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ለምን ዝም አለ? ተቆጥቶ ቢሆን ያ ሁሉ ይቀር ነበር? ይኸው፣ አሁንም በሱ ላላክክ ነው።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ጭር አለ። ሲያሞግሱኝ የሰነበቱ ሰዎች ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት አንድ የማናውቀው ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጦ ዋለ። በሦስተኛው ቀን እኔ ወደ ፀጥታ ቢሮ ተጠራሁ፤ የጠበቀኝ ያው ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ግጥሟ በታይፕ ተጽፋ ተቀምጣለች።

“በብሔር ጉዳይ የምታሾፈው አንተ ነህ?” አለኝ ሰውየው፣ በለሆሳስ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

“የኔ አይደለችም” አልኩ። “የሰይድ ናት።”

“ማነው ሰይድ?”

ነገርኩት። የአባቱን ስም ነገርኩት። ያልጠየቀኝን፣ በዚያ ሰዓት የትኛውን መኪና እንደሚያራግፍ ጭምር ነገርኩት። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። ሲጨበጨብላት የኔ ያልኳትን፣ ስታስጠይቅ የሱ አደረግኳት። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ማን አስገደደኝ?

ሰይድን ያኑ ቀን ከመኪናው ሥር ወሰዱት፤ ከሳምንታት በኋላ ተፈታ። ቀኝ ትከሻው ዘንበል ብሎ፣ ሸክም የማይችል ሆኖ መጣ። ምን እንዳገኘው አልጠየቅኩትም። ግጥም ቀርቶ ሰላምታ እንኳ ካፉ የሚወጣው በግድ ሆነ። አንድ ቀን ብቻ ፊት ለፊቴ ቆሞ “እንግዲህ የማናችን ናት?” አለኝ። ኩንታሌን ተሸክሜ አለፍኩት። ብዙም ሳይቆይ በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ሄደ ተባለ። ደረሰ ያለኝ ሰው የለም።

ዓመታት አልፈው እናቱ፣ እማማ ዘይነብ፣ ቤቴ ድረስ መጡ።

“ልጄ የገጠማትን አንተ ጽፈሃታል አሉኝ። እስቲ በልልኝ፣ ድምጡን ልስማው” አሉኝ።

ደብተሬን አውጥቼ አነበብኩላቸው። እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው አዳመጡ።

“ኧረግ፣ ሰይድ እንዲህ አይናገርም” አሉኝ ቀስ ብለው። “እሱ እንዳላት አድርገህ በልልኝ፣ ልጄ።”

ፈለግኩ። ቃል በቃል ፈለግኩ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው እኔ ያስተካከልኩት ብቻ ነው። ሰይድን አጠፋሁ፤ ንግግሩን ደግሞ ከዚያ በፊት አጥፍቼው ኖሯል።

“ጠፍታኛለች” አልኳቸው። እንዴት እንደጠፋችብኝ፣ ልጃቸውን ማን እንደጠቆመባቸው ግን አልነገርኳቸውም።

“አብሽር፣ ምን ታረግ” አሉኝ። “የልጄ ጓደኛ፣ አላህ እድሜ ይስጥህ” ብለው መርቀውኝ ወጡ።

እኔም ተነሥቼ አሜን አልኩ። ይቅር በሉኝ ብዬ አልጻፍኩላችሁም። ያቺን አሜን ማን ወዳፌ ይመልስልኛል?