ሳልሕ ያስከለለው ባሕር

ሳልሕ ቂም ይዞ ማርጀት የሚችል ሰው ነው። በስደት የሚኖርበት የሲዋርድ ሰፈር ጎረቤቶቹ ይህን አያውቁም። ለእነሱ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሰላምታው የማያልቅ የቀይ ባሕር ደሴት ሽማግሌ ነው። ሆዱን የሚያውቀው ፈጣሪው ብቻ ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ለአንድ ሰው ክፉ ሲመኝ ኖሯል፤ ለመሐመድኑር።

መሐመድኑር የልጅነት ጓደኛው ነበር፤ በአንድ ጀልባ ያጠምዱ ነበር። በደሴቲቱ ደንብ ደህና ማጥመጃ ለባዕድ አይነገርም፣ አባት ለልጁ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሳልሕ ግን ሞኝ ሆነና የአባቱን የኮራል ድንጋይ፣ ኩሸር የሚባለው ትልቁ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል የሚሰበሰብበትን ቦታ፣ ለጓደኛው አሳየው። በጦርነቱ ዘመን መሐመድኑር የመንግሥት ወታደሮች ዘንድ ሄደና የሳልሕ ታናሽ ወንድም ሥዒድ ወንበዴ ያሻግራል ብሎ ጠቆመ። ሥዒድን ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። ሳልሕ በሱዳን በኩል አመለጠ። ያ ከሃዲ ደግሞ ድንጋዩን ወርሶ ልጆች ዳረበት፣ ሐጅ አደረገበት። ሳልሕ ይህን ሁሉ በስልክ እየሰማ በበረዶ ላይ ታክሲ ይነዳ ነበር። እንዴት አንጀቱ አይረር?

አንድ ቀን የትምወርቅ የምትባል ልጅ መጣች። ሴንት ፖል ከተማ ባለ አንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ነው የምትሠራው። ዓሣ የማይጠመድበት ክልል በደሴቲቱ ባሕር ሊነድፉ፣ የቀድሞ አጥማጆችን እየጠየቁ ነው።

«ጋሽ ሳልሕ፣ ዓሣው እንቁላል የሚጥልበትን ማፑ ላይ ማርክ ያደርጉልኛል?»

«አሁን እዚያ የሚያጠምድ ሰውስ?»

«ይከለከላል።»

ሳልሕ ሁለቴ አላሰበም። አባቱ አደራ ያሉትን ቦታ በእስክሪብቶ ከበበው። «ሰፋ አድርጊው፣ እስከ ባሕሩ ዳር አድርሺው» አላት። እሷ ግን እምቢ አለች። «ከሰፋ ሰው አያከብረውም። ጠርዙ ለአጥማጁ ክፍት መሆን አለበት።»

ክልሉ በተዘጋ በመጀመሪያው ዓመት ወሬው መጣ፤ መሐመድኑር አንዱን ጀልባ ሸጠ። ሳልሕ ያን ቀን መስጊድ ያገኘውን ሁሉ ሻይ ጋበዘ። ምን ተገኘ ሲሉት ልጄ ሥራ አገኘች አለ። ደስታው ግን የበቀል ነበር፤ ጣፈጠው።

በሦስተኛው ዓመት የትምወርቅ ፊቷ እየፈካ መጣች። ባሕሩ ውስጥ ካሜራ እያወረዱ ሲከታተሉ ቆይተዋል። ዓሣው በዝቶ፣ ክልሉን ሞልቶ፣ እየተረፈ ወደ ጠርዙ እየወጣ ነው። ቪዲዮ ከፈተችለት። ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ክንዱን የሚያክል ኩሸር ታቅፎ ይስቃል። መሐመድኑር ነው።

«ቦታውን ያሳየውን ሰው አላህ ዕድሜ ይስጠው» ይላል። «ጀልባዎቼ አሁን ሦስት ሆነዋል።»

ሳልሕ ደሙ ፈላ። የአባቱን ምስጢር ያወጣው ጠላቱን ሊያስርብ ነበር፤ በገዛ እጁ አጠገበው። አይ ሳልሕ!

«ማን እንዳሳየን አልነገርናቸውም» አለች የትምወርቅ፣ ምንም አልገባትም። «ይፈቅዱልኛል? ሊያመሰግኑዎት ይፈልጋሉ።»

ሳልሕ «ለዚያ ሽማግሌ ንገሪው» አላት። «ሳልሕ ነው፣ የሥዒድ ወንድም ነው በይው። ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ።»

«ይህን ብቻ?»

«ይበቃዋል። ዓሣውን ይብላ፤ ማን እንዳበላው እያወቀ ይብላ።»

ጥቂት ቆይቶ የአክስቱ ልጅ ከደሴቲቱ ደወለ። መሐመድኑር የሳልሕን ስም ሲሰማ ቤቱ ገባ ብሎ ነገረው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ዓሣ ይዘው ሲመጡ ከማዕድ ይነሳል፤ ሌሊትም የሥዒድን ስም ሲጠራ ሚስቱ ሰምታዋለች።

ሳልሕ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«እስቲ እንደገና ንገረኝ» አለ።