ሙቀቱን ያልቻለችው ሙሽራ

ልጃችን ሰናይት ትናንት ከዱባይ ደወለች። ሥራ ተገኝቶላት፣ «እሺ» ከማለቷ በፊት ከተማውን ለጥቂት ቀን ልታይ ሄዳ ነው። አባቷ ስልኩን ከእጄ ነጠቀና፣ «ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? እናትሽ እንደሆነች ጅቡቲን አንድ ሳምንት አልቻለችም!» ብሎ ሳቀ። ይህን ወሬ እዚህ መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ውስጥ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ያኔ ከተጋባን ገና ወራችን ነበር። ጌታቸው ጅቡቲ ወደብ ላይ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ የመጣው ለሠርጉ ነው። አባቴ፣ «አገሩን ሳታየው ጓዟን አልጭንም። ወስደህ አሳያት፣ ከተስማማት ትሂድ» አሉት። እናቱ ደግሞ ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና ጠቅልለው አሸከሙን። አገሩ እሳት ነው ቢላቸው፣ «ሌሊት የማይበርድ አገር ደግሞ የት አለ?» ብለው አፉን አስያዙት። መንዝ ተወልዶ መንዝ ላረጀ ሰው እውነታቸውን ነው።

የሄድነው በጥቅምት፣ ገብሱ ሲያሽት ነው። አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር ቁልቁል ወረድን። በየጣቢያው አንዳንድ ልብስ እያወለቅሁ ጅቡቲ ስደርስ በስስ ቀሚስ ቀርቻለሁ። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊቴን ገረፈኝ። ያስቸገረኝ ግን የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ ባሕሩን አየሁ፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የተጠበሰ ዓሣ በትኩስ ዳቦ በላሁ። በረዶ እኛ ዘንድ የሚወርደው አዝመራ ሊያጠፋ ነው፤ እዚያ ማንጎ ጭማቂ ውስጥ ጨምረው ይጠጡታል!

ከሁሉም የገዛኝ ግን የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ልብስ ስፌት ቤት ነው። ሦስት የስፌት መኪና አላቸው፤ አንዷ የሚሠራባት የለም። እሷ ላይ ተቀምጬ የቀሚስ ጠርዝ ስዘመዝም አይተው፣ «እጅሽ የተባረከ ነው። ጓዝሽን ይዘሽ ነይ፣ ይቺ ያንቺ ናት» አሉኝ። እንዲህ ያለኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ልቤ እዚያው ቀረ።

ጌታቸው ጠዋት ጠዋት ከተማውን እንደ አያቱ ርስት እያዞረ ያሳየኛል። ቀትር ላይ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል። አንድ ቀን በዚያ ሰዓት ከእትዬ ዘነበች ዘንድ ስመለስ፣ ለጎረቤት እያሳየ ሲስቅበት የሰነበተውን ባና አቅፎ፣ ፊቱን ቀብሮበት አገኘሁት። የተኛ መስሎኝ ነበር።

«በግ በግ ይሸታል» አለኝ ቀና ሳይል። ቆየት ብሎ፣ «ገብሱን ውርጭ መትቶት ይሆን?»

«አልመታውም» አልኩት፤ ምን አውቄ!

«የእኛ ሰው እኮ እንዲሁ አያልፈኝም። ብመለስ፣ ቆላ አሸነፈው ነው የሚሉኝ።»

አንጀቴን በላው። ሠርጋችን ላይ ጅቡቲን ሲያሞግስ ያመሸው እሱ ነው፤ አሁን በየት በኩል ይመለስ? «እንሂድ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል፤ ከእኔ ሌላ ደግሞ ሰው የለውም።

እራት ላይ፣ «ጌታቸው፣ ይህን ሙቀት አልችለውም። አገራችን እንግባ» አልኩት።

«የምርሽን ነው?»

«እዚህ ብቆይ እሞታለሁ።»

ፊቱ ሲፈታ አየሁት። «አይዞሽ፣ ላንቺ ስል እተወዋለሁ» አለኝ። እትዬ ዘነበችን ስሰናበት አልቅሼ ልቤ ሊወጣ ነበር።

አገር ስንገባ እናቱ ለአንድ ክረምት አኮረፉኝ፤ የልጃቸውን እንጀራ የዘጋሁ እኔ ነኛ። ቻልኩት። ጌታቸው የእህል ንግድ ጀመረ፤ ጥሩ ባል፣ ጥሩ አባት ሆነ። እወደዋለሁ። አልቆጨኝም ብል ግን እዋሻለሁ። ለምወደው ሰው ብዬ ያደረግሁት ነገር ነው፤ ቢሆንም የስፌት መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እግሬ ይቆማል።

ትናንት ስልኩ ወደ እኔ ሲመለስ ሰናይት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ወድጄዋለሁ ብል አባዬን ይከፋዋል?» አለችኝ።

«ይከፋዋል» አልኳት። «ከወደድሽው ግን ወድጄዋለሁ በይ።»

ስልኩን ስዘጋ ጌታቸው፣ «ምን አለችሽ?» አለኝ።

«ከተማውን ወዳዋለች።»

«ይቺ ልጅ በማን ወጣች እባክሽ?» አለ።

«በእኔ» አልኩት።