ነፋሱ የዞረ ቀን

ሦስት ጊዜ ወድቃ በአራተኛው ያለፈች ሴት ናት። አየር ማረፊያው ውስጥ ስልክ አንሺ ሆና ስድስት ዓመት ስትሠራ፣ ከራሷ በላይ ካለው ማማ አውሮፕላን የሚያስነሱና የሚያሳርፉ ሰዎች ሥራ ልቧን ወሰደው። ፈተና ወድቃ በተመለሰች ቁጥር እናቷ፣ "ተይው ልጄ፣ ሰማዩ እንደሆነ ያላንቺም ቆሞ ኖሯል" ትላት ነበር። እሷ ግን የያዘችውን አትለቅም፤ ባሏ "ምስማር" ብሎ ያወጣላት ስም ጎረቤቱም መሥሪያ ቤቱም የሚጠራት በዚያ እስኪሆን የተጣበቀባት በከንቱ አይደለም።

ፈቃዷን ተቀብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ማይክሮፎን ፊት የምትቀመጥበት ቀን ደረሰ። ሸሚዟን አዛንፋ ስትቆልፍ ባሏ አይቶ፣ "አንቺን ራስሽን ማን ሊያሳርፍሽ ነው?" እያለ አስተካከለላት። የማማውን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየረገጠች ወጣች።

ላይ የሚጠብቋት አለቃዋ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት እዚያው የሸበቱ፣ ሁሉም "ጋሼ" የሚላቸው ሰው። "ወንበሩ ያንቺ ነው። እኔ ጥግ ይዤ ጋዜጣ አነባለሁ፤ የለም በይኝ" አሏት።

የዚያ አየር ማረፊያ ጣጣው በስተምሥራቅ የተገተረው ተራራ ነው። ስለዚህ የሚነሳ ሁሉ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ነፋሱ አዘውትሮ ከደቡብ ስለሚነፍስ አውሮፕላኖቹ ወደ ደቡብ ተነስተው በቀኝ ይዞራሉ። ያን ዕለት ግን ረፋዱ ላይ ነፋሱ ዞረና ወደ ሰሜን መነሳት ግድ ሆነ። ወደ ሰሜን የተነሳ ደግሞ ምዕራብን የሚያገኘው በግራው ነው። ተራራው እንደሆነ ደመናውን ተከናንቦ የለም ያሰኛል።

ሰባ ስድስት ሰው የጫነ፣ የበረራ ቁጥሩ ሁለት ሰባት አምስት የሆነ አውሮፕላን ለመነሳት ፈቃድ ጠየቀ።

"ቀጥ ብለው ስምንት ሺህ ጫማ ይውጡ፤ ከዚያ ወደ ግራ ይታጠፉ" አለች።

"ስምንት ሺህ፣ ከዚያ ወደ ግራ" አለ አብራሪው፣ ምንም ሳያጎድል።

ተንደርድሮ ጎማው መሬት ሲለቅ የእሷም ልብ አብሮ ተነሳ። እልል ማለት አማራት። ደመናው እስኪውጠው በመስታወቱ ሸኘችውና ዓይኗን ራዳሩ ላይ ተከለች። አውሮፕላኑን የምታሳየው ነጥብ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ሄደች፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘመም አለች።

ነጥቧ የምትታደሰው በየአምስት ሴኮንዱ ነው። ያ አምስት ሴኮንድ ዓመት ሆነባት። ስትታደስ ጥርጥር አልቀረም፤ ሰባ ስድስት ሰው ወደ ተራራው እየሄደ ነው።

"ሁለት ሰባት አምስት፣ አሁኑኑ ወደ ግራ ይታጠፉ! ተራራ ከፊትዎ ነው! ከፍታ ይጨምሩ!"

መልስ የለም። ጋዜጣው ወለሉ ላይ ወደቀ። ጋሼ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ፤ ትንፋሻቸው ይሰማታል፤ እጃቸውን ግን ወደ ማይክሮፎኑ አልሰደዱም። ያንኑ ቃል ደገመችው።

"ወደ ግራ... እየወጣን ነው" አለ አብራሪው።

ነጥቧ ታደሰች፤ አሁንም ቀኝ። ታደሰች፤ ቀጥ። "ነይ፣ ነይ የኔ እናት" እያለች ለመናት። ታደሰች፤ ግራ! ጥቂት ቆይቶ፣ "ከደመናው በላይ ወጥተናል፤ ፀሐይ ነው" የሚል ድምፅ መጣ።

ያኔ ጋሼ ትከሻዋን ነካ አድርገው፣ "ተነሽ ልጄ፣ ወንበሩን ልቀቂ" አሏት።

በመጀመሪያ ቀኔ ተባረርኩ ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ምን አጠፋሁ ጋሼ?"

"ምንም። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ወንበር ይለቃል፤ ደንብ ነው። እኔም አንዴ ለቅቄያለሁ።"

ባልደረባዋ ሲተካት እነሱ ታች ወርደው የተቀዳውን ድምፅ ሰሙ። እሷ ማማውን በጩኸት ያናጋችው መስሏት ነበር። የሰማችው ግን የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የምትናገር የሚመስል የረጋ ድምፅ ነው።

"ይቺ እኔ ነኝ?"

"አንቺ ነሽ። እኔ ብሆን ኖሮ እጮህ ነበር" አሏት ጋሼ፤ ሁለቱም ሳቁ፤ መሳቁ እስኪያደክማቸው ሳቁ።

በሦስተኛው ቀን እሷ ሥራ ላይ ሳለች አብራሪው ማማው ላይ ወጣ። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ "ሁልጊዜ በቀኝ ነው የምዞረው። አፌ ግራ አለ፣ እጄ በልማዱ ቀኝ ሄደ። ለመሥሪያ ቤቴም እንዲሁ ብዬ ጽፌያለሁ" አላት፣ ምንም ሳይደብቅ።

"እኛም የበኩላችንን እናድርጋ" አለች ምስማር። "ነፋሱ ሲዞር 'ተራራው በቀኝዎ ነው' የምትል ቃል እንጨምር ብዬ አለቃዬን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ተቀብለውኛል።"

ወዲያው አንድ አውሮፕላን ሊነሳ ጠየቀና ፊቷን ወደ ማይክሮፎኑ መለሰች። አብራሪው ከጎኗ ቆሞ፣ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ አስደግፎ፣ አውሮፕላኑ ተንደርድሮ እስኪነሳ አየ።

"እንዲህ ነን ለካ ከዚህ ስንታይ!" አለ።