በቁሜ ያሲን የተቀራልኝ ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ደሴ ውስጥ ነው። ጠያቂ ከራቀኝ ወዲህ ቤቴ በሰው የሞላው ያን ቀን ብቻ ስለሆነ አልረሳውም። ሳስበው ያስቀኛል፤ ሳቄ ሳያልቅ ደግሞ ሆድ ይብሰኛል።

በሽታዬ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል፤ የነርቭ በሽታ ነው። መጀመሪያ እግሬን ያዘኝ፤ በኋላ ትንፋሼ ላይ መጣ። አስተማሪ ነበርኩ። ድምፄ ከኋላ ወንበር መድረስ ሲያቅተው ሥራዬን ተውኩ። ያን ሰሞን ጠያቂው ብዙ ነበር፤ ሙዝና ብርቱካን የማስቀምጥበት አጥቼ ነበር። በሽታው የሚገድልም የሚድንም ሳይሆን ሲቀር ግን ሰው ሰለቸው። አልፈርድም፤ እኔንም ሰልችቶኛል።

የሚያስፈራኝ ብቻዬን መሆኔ ነበር። ብወድቅ ጩኸቴ ከክፍሌ አይወጣም። ምግብ ቢያንቀኝ የምስልበት አቅም የለኝም። ይህንን ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ስነግራት በአፍ የሚነፋ ትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያ ሰጠችኝ። ውስጡ ስፕሪንግ አለው፤ በኃይል ካልነፉት አይከፈትም።

"በሽታውን አያጠፋውም፤ የደረትሽን ጡንቻ ግን ያበረታዋል" አለችኝ።

ጧት ጧት አፍንጫዬን በመቆንጠጫ ይዤ እነፋ ጀመር። የሚሰማኝ አልነበረም። ከጭቃ ግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤቴ እትየ ዘሀራ በዚያ ሰዓት በርበሬ ሊሸጡ ገበያ ይወጣሉ።

የዚያን ቀን ግን ቀጠሮ ስለነበረኝ ሐኪም ቤት ዋልኩ። ባለሙያዋ ስፕሪንጉን አጠበቀችልኝ። ስመለስ ጉልበቴ ከዳኝና የባጃጁ ሹፌር ደግፎ አስገባኝ። እትየ ዘሀራ በራቸው ላይ ቆመው አዩኝ። "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አፊያሽን ይመልሰው" አሉ።

አመሻሽ ላይ፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ የጧቱን ልምምድ ላካክስ ብዬ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። የጠበቀው ስፕሪንግ አልበገር አለኝ። አቃሰትኩ፣ ነፋሁ፣ አረፍኩ፣ እንደገና አቃሰትኩ።

ለካ እትየ ዘሀራ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ጥለው ኖሯል። ተደግፌ ስገባ አይተዋል፤ አሁን ደግሞ ረጅም ማቃሰት ይሰማሉ፣ ከዚያ ዝምታ። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው መልሰዋት ጣር ላይ ናት ብለው ደመደሙ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ብቻውን እንዲሞት አይተውም።

በሩ ተበረገደ። እትየ ዘሀራ ውሃና ጥጥ ይዘው ገቡ። ተከትለዋቸው የግቢው ሴቶች፣ መጨረሻ ላይ የሰፈሩ ሼህ ገቡ።

"ያ ረቢ! አፍንጫዋን ምን ነክሷታል?" ብለው እትየ ዘሀራ መቆንጠጫውን ነቀሉት።

ከልምምዱ በኋላ ትንፋሼ እስኪመለስ መናገር አልችልም። እጄን ባወናጭፍ "ነፍሷ ልትወጣ ነው" ተባለ። ፊቴን ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አዙረው በጀርባዬ አስተኙኝ። ሼሁ ከቁርአን ለሚሞት ሰው የሚቀራውን ያሲን መቅራት ጀመሩ። አንዷ ጎረቤቴ እግሬን ይዛ "ወይኔ እህቴን!" እያለች ታለቅሳለች። ደጄን ከረገጠች ዓመት አልፏታል።

እትየ ዘሀራ "ላኢላሃ ኢለላህ በይ ልጄ" እያሉ ውሃውን በጥጥ አፌ ውስጥ ጠብ አደረጉልኝ። ትን አለኝ። ትን ማለት ለእንደኔ ዓይነቱ ቀልድ አይደለም፤ አሁን በእውነትም ሞትኩ አልኩ። ከዚያ ሳልኩ። ከታመምኩ ጀምሮ አጥቼው የነበረው፣ ደረት የሚያናውጠው ሳል መጣልኝ። ድምፄም አብሮ ወጣ።

"አልሞትኩም! ስፖርት ነው!"

ሼሁ መቅራታቸውን አቆሙ። መሣሪያውን አንስቼ ነፋሁላቸው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ትንሽ ቆይተው ግን "በይ አላህ ይማርሽ" እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። እግሬን ይዛ የምታለቅሰዋ ቀድማ ወጣች። ሞቼ ቢሆን ሦስት ቀን ይቀመጡልኝ ነበር ብዬ ተቀየምኩ።

የቆዩት እትየ ዘሀራ ብቻ ናቸው። "ጣር መስሎኝ ነው እኮ፤ አፉ በይኝ ልጄ" አሉኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ ንፊ። እኔ ወዲያ ሆኜ እሰማሻለሁ።"

እንዳሉትም ሆነ። እኔ ስጨርስ እሳቸው ግድግዳውን መታ መታ ያደርጋሉ። የአስተማሪነቴን ዘመን ያህል ደስ የሚል ጊዜ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ የደሴ ብርድ ደረታቸውን ጎዳውና ልጃቸው ኮምቦልቻ ወሰደቻቸው። ኮምቦልቻ ለጤነኛ ሰው ቅርብ ነው፤ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ብቻ ነው። ለእኔ ግን ሩቅ አገር ነው። ክፍላቸውን እስካሁን የተከራየው የለም። አንዳንዴ ረስቼ ግድግዳውን አንኳኳለሁ።

ሳሌ ተመልሷል፤ ድምፄም ትንሽ ረዝሟል። የሚጠራው ሰው ግን የለውም። ጎረቤቶቼን አፉ ብያለሁ እላለሁ እንጂ ከልቤ አልወጣልኝም።

ማታ ማታ እትየ ዘሀራ ይደውላሉ። ብዙ አናወራም። ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀምጬ እነፋለሁ፤ እሳቸው ኮምቦልቻ ሆነው እስክጨርስ ያዳምጣሉ። ከዚያ "አልሐምዱሊላህ፣ አለሽ" ይሉና ስልኩን ይዘጋሉ።